ጃኪ ቻንና ጄት ሊ ቢጋጠሙ ማን ያሸንፋል?

ልጅ ሆነን ደብረ ብርሃን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተፋፍገን ካራቴ ፊልም ስናይ አንድ የማያልቅ ክርክር ነበረን። ጃኪ ቻንና ጄት ሊ ቢጋጠሙ ማን ያሸንፋል? በዚህ ነገር ብቻ ሳምንት ተኮራርፈን እናውቃለን። ከዚያ «ዘ ፎርቢድን ኪንግደም» ወጣ። በእኛ 2000 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ሚሊኒየሙን ባከበርንበት ዓመት ማለት ነው። ሁለቱ በአንድ ፊልም ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከእህቴ ልጅ ጋር ደግሜ አየሁት። አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ ቴኳንዶ ጀምሯል። ውጭ ውርጭ ነው፣ እኛ ብርድ ልብስ ተከናንበናል።

ጄሰን የሚባል የቦስተን ልጅ አለ። የድሮ ኩንግ ፉ ፊልም ነፍሱ ነው፤ ፊልሞቹን የሚያገኘው ከአንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ሱቅ ነው። አንድ ቀን ዱርዬዎች ሱቁን ሊዘርፉ አስገድደው ይዘውት ይሄዳሉ፣ ሽማግሌው በጥይት ይመታሉ፣ ልጁ እዚያ የነበረውን አሮጌ ዱላ እንደያዘ ከጣሪያ ይወድቃል። ሲነቃ ጥንታዊት ቻይና ውስጥ ነው። ዱላው ደግሞ 500 ዓመት ድንጋይ ሆኖ የቆየው የጦጣው ንጉሥ ንብረት ነው፤ ለባለቤቱ መመለስ አለበት። የጦጣው ንጉሥ የፊልሙ ፈጠራ አይደለም፣ ቻይናዎች ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በልቦለድ ሲያነቡት የኖሩ ጀግናቸው ነው።

ለመንዝ ሰው ዱላ ብርቅ አይደለም። አያቴ ያለ ዱላቸው ከደጅ አይወጡም ነበር። ለዚህ ነው መሰለኝ የጄሰን አያያዝ መጀመሪያ ላይ ያናደደኝ፣ በኋላ እጁ ሲለምድለት ደግሞ ደስ ያለኝ።

ዋናው ነገር ግን መቅደሱ ውስጥ ያለው ድብድብ ነው። ጃኪ ቻን እየጠጣ የሚዋጋ ሰው ነው፣ ጄት ሊ ደግሞ ዝምተኛ መነኩሴ። አንዱ እየተንገዳገደ ይማታል፣ ሌላው አንዴ እንደ ነብር አንዴ እንደ ወፍ እየሆነ ይመልሳል፣ ሲጀምሩ ትንፋሽ ያሳጥራል። ድብድቡን ያቀናበረው ዩን ዎ ፒንግ ነው፤ የማትሪክስንም ድብድብ የሠራው እሱ ነው፣ ጃኪንም በ1978 እ.ኤ.አ. በሰካራም ኩንግ ፉ ያሳወቀው እሱ ነው። ጃኪ ያኔ ወጣት ነበር፣ እዚህ ከሃምሳ አልፏል፣ እጁ ግን ያው ነው። ይህን ትዕይንት ሦስቴ ወደኋላ መልሰን አየነው።

የስልጠናውም ክፍል ጥሩ ነው። ጄሰን ከፊልም የሸመደዳቸውን ስሞች ሲደረድር ጃኪ ሻይ ይቀዳለታል፣ ሞልቶ እስኪፈስ። መጀመሪያ ስኒህን ባዶ አድርግ ይለዋል። የእህቴ ልጅ ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ፣ አሰልጣኛችን ወር ሙሉ አቋቋም ብቻ ያስተማረን ለዚህ ነው?» አለኝ። ለዚህ ነው አልኩት።

ያልወደድኩትም አለ። ጥንታዊት ቻይና ውስጥ አብዛኛው ሰው እንግሊዝኛ ይናገራል። ሁለት እንዲህ ያሉ ጌቶች ተገኝተው ካሜራው ብዙ ጊዜ ልጁን መከተሉ ያበሳጫል። ክፉው የጦር አለቃም ከአለባበሱ በቀር የሚያስፈራ ነገር የለውም። ዳይሬክተሩ ሮብ ሚንኮፍ ከ«ዘ ላየን ኪንግ» ዳይሬክተሮች አንዱ ስለሆነ ይመስለኛል ነገሩን ለቤተሰብ ያለዘበው። ቢሆንም ለታዳጊ ልጅ የሚሆን ነው፣ ከልጆቻችሁ ጋር ብታዩት አታፍሩም። አክተር አይሞትም ይባላል እንጂ እዚህ አንድ የሚያሳዝን ሞት አለ፣ የማን እንደሆነ አልናገርም።

አንድ ምክር ልስጣችሁ። በትርጉም አትዩት። እኔ መጀመሪያ ያየሁት በትርጉም ነበር፤ ተራኪው በድብድቡ ላይ እያወራ የዱላውን ድምፅ አጠፋብኝ። ያ ድምፅ መሰማት አለበት።

ወደ ጥያቄያችን ስንመለስ፣ ፊልሙ አሸናፊ አልለየም። ሁለቱ ተዋግተው ተዋግተው ወዳጅ ሆኑ። እኔ ግን ጃኪ ነው አልኩ። የእህቴ ልጅ ብድግ ብሎ ቆመና «እንዴ ጋሼ፣ ጄት ሊ ነው እንጂ!» አለ። እህቴ ተኙ እስክትለን ድረስ ተከራከርን።