ከቤት የሚሠሩ ሠራተኞችን መከታተያ፦ «የቱን ልግዛ?» ለምትሉኝ

ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ወዳጆቼ ደውለው ይህንኑ ጠየቁኝ። እኔ ከቤታቸው የሚሠሩ ስምንት የሂሳብ ሠራተኞች አሉኝ። የሥራ መከታተያ ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ገዝቼ ሁለቴም ከስሬያለሁ።

ምርጫዬን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ቶግል ትራክ ነው። ሠራተኛው ሥራ ሲጀምር ራሱ ሰዓቱን ያስነሳል፣ ሲጨርስ ያቆማል። ስክሪንሾት (የኮምፒውተሩን ስክሪን ፎቶ ማንሳት) የሚባል ነገር የለውም። እስከ 5 ሰው ድረስ ደግሞ በነፃ ነው።

ዋጋ ላይ ቆም በሉ። መጀመሪያ የገዛሁት በየአሥር ደቂቃው ስክሪንሾት የሚያነሳ ነበር። በሰው በወር 7 ዶላር፣ ለስምንቱ 56 ዶላር። ስጀምር ዶላር በባንክ 57 ብር ስለነበር 3,192 ብር መጣ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አለፈ። ያው 56 ዶላር በ110 ሲመታ 6,160 ብር ሆነ። ደንበኞቼ የሚከፍሉኝ ግን በብር ነው። አንዷ ሠራተኛ ከለቀቀች በኋላም ስሟን ሳልሰርዝ ቀርቼ ሁለት ወር ከፍያለሁ። «የዓመቱን ከከፈሉ ቅናሽ አለ» ሲሏችሁ፣ የሠራተኛችሁ ቁጥር ሳይረጋ እንዳትነኩት።

ዳታም አለ። ሦስቱ ልጆች በሞባይል ኢንተርኔት ነበር የሚሠሩት። ያ ሁሉ ፎቶ ሲላክ ፓኬጃቸው ወር አጋማሽ ላይ ያልቃል። ልዩነቱን የሸፈንኩት እኔ ነኝ።

ከሁሉም የከፋው ፐርሰንቱ ነው። ፕሮግራሙ የሚቆጥረው ማውዝና ኪቦርድ መነካቱን ነው። በጣም የምተማመንባት ሠራተኛዬ ደረሰኞችን በወረቀት ስታመሳክር ውላ 31 በመቶ አሳየኝ። ሰፈሯ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዜሮ። ሌላው በየቀኑ 90 በመቶ፤ የወሩ ሂሳብ ግን አልተዘጋም። እኔ ያስጠነቀቅኩት እሷን ነበር! ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ዌልስ ፋርጎ የተባለው የአሜሪካ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2024 ከአሥር በላይ ሠራተኞች ያሰናበተው፣ እየሠሩ ለመምሰል የኪቦርድ እንቅስቃሴ ፈጥረዋል ብሎ ነው። ቁጥሩን ማታለል ይቻላል።

ሁለተኛው ስህተቴ ክራክ፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ በሕገወጥ መንገድ የሚሸጥ ፕሮግራም ነው። «ተደብቆ የሚሠራ፣ ፉል ቨርዥን» ተብሎ በቴሌግራም በ1,500 ብር ገዛሁ። በሳምንቱ ሁለት ላፕቶፖች ቫይረስ ገባባቸው። አንዱ ላይ የደንበኛ ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ሰነድ) ነበር። ለማስጠገን 4,000 ብር ወጣ፤ ፋይሉም በከፊል ብቻ ነው የተመለሰው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም የተጻፈውን ፊደል ሁሉ ይመዘግባል፣ የባንክ ፓስወርድ ሳይቀር። ክራክ ሲሆን ያ መረጃ ማን ጋ እንደሚሄድ አታውቁም። እባካችሁ በዚህ በኩል አትሂዱ።

የሚጻፈውን ፊደል መመዝገብን በሕጋዊ መንገድ የሚሠራ ቴራማይንድ የተባለ ፕሮግራም አለ። ለእንደኔ ዓይነት ትንሽ ቢሮ ግን ከልክ ያለፈ ነው። ሕጉንም አስቡ፤ አሁን እኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አውሮፓ ሆናችሁ ለምትጠይቁኝ ደግሞ፣ የፈረንሳይ መረጃ ጠባቂ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ አንድ የሪል ስቴት ድርጅትን 40,000 ዩሮ ቀጥቷል። ድርጅቱ ማውዝ ያልተነካበትን ደቂቃ ይቆጥር፣ ስክሪንሾትም ያነሳ ነበር።

ውጭ አገር ያለ ደንበኛ በሰዓት እየከፈለ «ማስረጃ አምጣ» ካላችሁ ሃብስታፍ የተባለው መከታተያ ይሻላል። እሱም የማውዝና ኪቦርድ ፐርሰንት ያወጣል፤ የትኛው ፊደል እንደተጻፈ ግን አይመዘግብም። ስክሪንሾቱን ማደብዘዝም ሆነ ማጥፋት ይቻላል። ከመጫናችሁ በፊት ግን ለሠራተኞቻችሁ ንገሯቸው።

እኔ ጋ አሁን ቶግል ላይ ያሉት በሰዓት የሚከፈላቸው አራቱ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ምንም አልከፍልም። ሌሎቹ አራቱ ዓርብ ዓርብ አንድ ጎግል ሺት ይሞላሉ፦ የደንበኛው ስም፣ የተዘጋው ወር፣ የጎደለ ደረሰኝ። እሱን ለማየት አሥር ደቂቃ ይበቃኛል።