ሲሊካ ጄል ወይስ ካልሲየም ክሎራይድ? ለክረምት እርጥበት የቱ ይገዛ?

ክረምት ሲገባ ቁምሳጥኑ እምክ እምክ ይላል። የቆዳ ጫማ ይሻግታል፣ የካሜራ ሌንስ ውስጥም ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋል። እርጥበት መጣጭ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ። የምታደርቁት ገጥሞ የሚዘጋ ዕቃ ነው ወይስ በየቀኑ የሚከፈት ቁምሳጥን?

ገጥሞ ለሚዘጋ ዕቃ የእኔ ምርጫ ሲሊካ ጄል ነው። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ በትንሽ ከረጢት የምታገኙት ፍሬ ማለት ነው። እርጥበት በበዛበት አየር የክብደቱን ሲሶ ያህል ውሃ ይይዛል፤ ፍሬው ግን ሲነኩት ደረቅ ነው። ስለዚህ ከካሜራ፣ ከፓስፖርትና ከቤት ካርታ ጋር ያለ ስጋት ይቀመጣል። ደግሞም አይጣልም። ፍሬውን ከከረጢቱ አውጥታችሁ ትሪ ላይ ዘርግፉት፣ በ120 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል አቆዩት፤ እንደገና ይሠራል። ከጫማ ካርቶን ያጠራቀማችሁትንም መጀመሪያ እንዲህ አድርቁት፤ አየር ላይ ሲቆይ እርጥበት ጠግቧል።

መጥገቡን በዓይን ለማየት ቀለም የሚቀይረውን ግዙ። ሰማያዊውን ግን አልመክርም፤ ለጤና የማይመች ኮባልት ክሎራይድ አለበት። ሲጠግብ ወደ አረንጓዴ የሚሄደው ብርቱካናማው ይሻላል።

ለቁምሳጥን ግን ሲሊካ ጄል አቅም ያንሰዋል። እዚያ ካልሲየም ክሎራይድ ይበልጠዋል። ይህ የጨው ዓይነት ከራሱ ክብደት በላይ ውሃ ከአየር ይስብና ራሱም ይቀልጣል። ከታች ማጠራቀሚያ ባለው ዕቃ ወይም በሚንጠለጠል ከረጢት የሚሸጠው ለዚህ ነው። የሚጠራቀመው ፈሳሽ ክፉ ነው፤ ብረት ያዝጋል፣ ቆዳ ያኮማትራል። ከረጢቱን ከቆዳ ጃኬት በላይ እንዳትሰቅሉት፣ ልጆች በማይደርሱበትም ይሁን። ሲሞላ ይጣላል፤ ወጪው በየክረምቱ ነው።

ሩዝና ከሰልስ? ሩዝ ደካማ ነው። አፕል ራሱ የረጠበ አይፎን ሩዝ ውስጥ አትክተቱ ይላል፤ ብናኙ ስልኩን ሊጎዳ ይችላል። ከሰል ለሽታ እንጂ ለእርጥበት አይታመንም።

በርበሬና ሽሮ ማስቀመጫ ውስጥ ባለ ቀለሙን በፍጹም እንዳትከቱ። ለምግብ ተብሎ የታሸገውን ነጩን ሲሊካ ጄል ብቻ፣ ያውም ከረጢቱ ሳይቀደድ።