ባዶውን የሚመለስ ምሳ ዕቃ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ገበያ ላይ ያሉት ዓይነቶች ሲፈተሹ

መስከረም ሲጠባ የደሴ ፒያሳና የአራዳ ሱቆች ደጃፍ ምሳ ዕቃ በምሳ ዕቃ ይሆናል። ልጅ ሥዕሉን ያያል፣ ወላጅ ዋጋውን ይጠይቃል፣ ክዳኑን ግን የሚያየው የለም። የምሳ ዕቃ ነገር ያለው ግን ክዳኑ ላይ ነው። የአንደኛ ክፍል ልጅ በራሷ እጅ መክፈት ያልቻለችው ዕቃ የቱንም ያህል ቢያምር ማታ እንደሞላ ነው የሚመለሰው። ረሃቡ ከሰዓት በኋላ ባለው ትምህርት ላይ ይታያል፤ ልጅቷ ታዛጋለች፣ በትንሽ ነገር ትነጫነጫለች፣ መምህሯም «ሰነፍ» ይላታል።

ስለዚህ መለኪያችን ሁለት ነው፦ ልጅ ያለ ሰው እርዳታ ይከፍተዋል ወይ? ጠዋት 1፡00 የተቋጠረ ምግብ 6፡00 ላይ ሳይበላሽ ይደርሳል ወይ? ሁለተኛው መልስ በየቦታው ይለያያል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደረስ ከፍታው ወደ 1,850 ይወርዳል፤ ከሚሴና ባቲ ደግሞ ከዚያም በታች ናቸው። ደሴ ላይ የሚሠራ ምሳ ዕቃ ባቲ ላይ ሽሮውን ሊያኮመጥጠው ይችላል።

ባለ አራት ቁልፉ ፕላስቲክ

በብዛት የሚሸጠው ይህ ነው፦ አራት ማዕዘን ሆኖ ክዳኑ ዙሪያ የጎማ ቀለበት ያለው፣ በአራት ጎን ጠቅ እያለ የሚቆለፍ። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ላለ ልጅ 750 ሚሊ ሊትር አካባቢ የሚይዘው ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ላለው 1 ሊትር። ትልቅ ገዝቶ «ያድግበታል» ማለት አያዋጣም። ግማሹ ባዶ የሆነ ዕቃ ውስጥ እንጀራው እየተንሸራተተ ወጡ ሁሉ ጥግ ይይዛል።

ከመግዛት በፊት ዕቃውን ገልብጦ ታቹን ማየት ነው። በሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 5 ቁጥር ካለ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ትኩስ ምግብ ይችላል። 3፣ 6 ወይም 7 ከሆነ፣ ወይም ምንም ቁጥር ከሌለው፣ ለቆሎና ለዳቦ ይሁን እንጂ ትኩስ ወጥ አይግባበት። የፖሊፕሮፒሊን ድክመቱ ብርድ ነው፤ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ይደርቅና ሲወድቅ ይሰነጠቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ጠዋት ደረጃ ላይ የወደቀ ምሳ ዕቃ የሚሰበረው መጀመሪያ መታጠፊያው ላይ ነው፤ ቁልፉ ከክዳኑ ጋር በስስ ፕላስቲክ ብቻ ስለተያያዘ። አንዱ ቁልፍ ከተሰበረ ዕቃው ለወጥ አበቃለት ማለት ነው። ደረቅ ነገር ይቋጠርበት እንጂ በላስቲክ እያሰሩ ማስቀጠል ደብተር ያስበላል።

ዋናው ቅሬታ «ልጄ መክፈት አቃተው» የሚለው ነው። ምክንያቱ ሁልጊዜ የልጁ ጉልበት ማነስ አይደለም። ምግቡ እየተንተከተከ ሲከደን ውስጡ የታፈነው እንፋሎት እየቀዘቀዘ ወደ ውሃ ይለወጣል፣ አየሩም ይኮማተራል፣ የውጭው አየር ክዳኑን ወደ ታች ይጫነዋል። እንዲህ የተጣበቀ ክዳን አዋቂንም ያስቸግራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ክዳን ሳይደረግ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማቆየት። ክዳኑ መሃል ትንሽ የጎማ ውታፍ ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ልጁ መጀመሪያ ውታፉን ስቦ አየር እንዲያስገባ ማሳየት ነው፤ ከዚያ ክዳኑ በአንድ ጣት ይነሳል። ሻጮች ይህቺ ውታፍ ለምን እንደተሠራች አይናገሩም፤ ብዙ ቤት ውስጥም ተከድና ዕድሜዋን ትጨርሳለች።

ሱቅ ውስጥ ልጁን ወንበር ላይ አስቀምጦ ሦስት ጊዜ ማስከፈትና ሦስት ጊዜ ማስዘጋት ያስፈልጋል። መዝጋት የማይችል ልጅ የተረፈውን ምግብ ቦርሳው ውስጥ ይደፋዋል። ለመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ባለ ሁለት ቁልፉ ይሻላል፤ አራቱን መቆለፊያ ለመክፈት የሚታገል የአምስት ዓመት ልጅ ሁለተኛው ላይ ተስፋ ቆርጦ የጓደኛውን ዳቦ ይጠብቃል።

የብርቱካናማውን የበርበሬ ቀለም በተመለከተ፦ ቀለሙ በዘይት ስለሚሟሟ ፕላስቲኩ ይጠጣዋል፣ በሳሙና አይለቅም። ታጥቦ እርጥብ እንዳለ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይደበዝዛል። ቀለሙ ጉዳት የለውም፤ ሽታው ግን የጎማው ጉዳይ ነው። ጎማው በሳምንት አንድ ጊዜ በማንኪያ ጭራ ወጥቶ መታጠብና ለብቻው መድረቅ አለበት። ከሥሩ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ሻጋታ ነው።

ባለ ደርቡ የማይዝግ ብረት

ሁለት ወይም ሦስት ሳህን ተደራርቦ ከላይ በመያዣ የሚታሰረው። ሽታ አይዝም፣ አይሰበርም፣ ታናሽ ወንድም ይወርሰዋል። እንጀራውን ከወጡ ለይቶ መያዙ ትልቅ ጥቅሙ ነው።

ሻጮች «ማግኔት ካልሳበው ኦሪጅናል ነው» ይላሉ። ግማሽ እውነት ነው። ማግኔት አጥብቆ የሚስበው ርካሹ ዓይነት ነው፣ ልክ ነው፤ ነገር ግን ጥሩው 304 የሚባለውም፣ ከእርሱ የሚያንሰው 201ም ማግኔት እምብዛም አይስባቸውም። ይልቅ የሳህኑን ጠርዝ በጣት ዞር ብሎ መዳሰስ ይጠቅማል። ጠርዙ በደንብ ተጠቅልሎ ካልተዘጋ የልጅ ከንፈርና ጣት ይቆርጣል፤ ውሃም እዚያ ጠርዝ ውስጥ ቀርቶ ዝገት የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ጉድለቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ አብዛኛው ክዳኑ ላይ ጎማ የለውም፤ ቦርሳ ሲጋደም ወጥ ይፈሳል። ስለዚህ ወፈር ያለ ምግብ እንጂ ቀጭን ሽሮ አይቋጠርበትም። ሁለተኛ፣ ሙቀት ያመልጠዋል፤ በደሴ ብርድ ምግቡ ክፍል ሳይጀመር ይቀዘቅዛል። ሦስተኛ፣ ክብደቱ። የልጅ ቦርሳ ከነዕቃው ከሰውነቱ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዳያልፍ ይመከራል፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ማለት ነው። ባለ ሦስት ደርቡ ሲሞላ ብቻውን ኪሎ ቢያልፍ አይገርምም፣ መጽሐፍና ውሃ ገና አልተጨመረም። ዳገት ለሚወጣ የደሴ ልጅ ባለ ሁለቱ ይበቃል፤ ያም በእጅ እንጂ ጀርባ ላይ ባይታዘል ይመረጣል።

የምግብ ፔርሙሱ

ዋጋው ከፕላስቲኩ ብዙ እጥፍ ነው፤ ብዙ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። ውስጡ ብረት፣ ውጩ ፕላስቲክ ሆኖ «ሙቀት ይይዛል» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ፔርሙስ አይደለም። እውነተኛው በሁለቱ ግድግዳ መሃል አየር የለውም። መፈተኛው ይኸውና፦ ከአጠገብ ካለ ሻይ ቤት የፈላ ውሃ ለምኖ መሙላት፣ መክደን፣ 10 ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ ውጩን በመዳፍ መያዝ። ውጩ ከሞቀ ሙቀቱ እየወጣ ነው። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ያው መልስ ነው።

ጥሩ ፔርሙስም ቢሆን በትክክል ካልተሞላ ከንቱ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የፈላ ውሃ ሞልቶ፣ ከድኖ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማቆየት፤ ውሃውን ደፍቶ ወዲያው ከምድጃ ላይ እየፈላ የወረደውን ምግብ እስከ አንገቱ መሙላት፤ ወዲያው መክደን። ቀዝቃዛ ብረት የምግቡን ሙቀት እንዳይጠጣ ነው ቀድሞ የሚሞቀው። ደሴ ላይ ይህ ደረጃ የበለጠ ያስፈልጋል፤ በከፍታዋ የተነሳ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው፣ ከባሕር ጠለል 8 ዲግሪ ገደማ ያነሰ ሙቀት ይዞ ነው ጉዞው የሚጀመረው። ግማሽ የተሞላ ፔርሙስ ከሙሉው ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ለትንሽ ልጅ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ገዝቶ ሞልቶ መላክ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? የበሰለ ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ጀርሞች ይራባሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። ከ1፡00 እስከ 6፡00 ደግሞ አምስት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁለት ምርጫ ብቻ አለ፦ ወይ እስከ ምሳ ከ60 በላይ የሚቆይ ትኩስ፣ ወይ ቢቀዘቅዝም የማይጎዳ ምግብ። ምሳ ሰዓት ላይ ለብ ብሎ የሚደርስ ፔርሙስ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ለጀርም የተመቸ ሞቃት ቤት ሆኖ ነው የዋለው። ቅዳሜ ቀን አንድ ጊዜ ቤት ውስጥ ሞልቶ ከአምስት ሰዓት በኋላ መክፈት ማንነቱን ያሳያል። አሁንም ምላስ የሚያቃጥል ከሆነ ይሠራል፤ ለብ ካለ ለቆሎ ማስቀመጫ ይሁን። የሚሠራው ደግሞ ለሕፃን አደጋ አለው፦ ከሦስተኛ ክፍል በታች ያለ ልጅ በክዳኑ ላይ እየገለበጠ፣ እያቀዘቀዘ እንዲበላ ካልተለማመደ ባይሰጠው ይሻላል።

ምን ይቋጠር?

ሩዝና ፓስታ ለልጅ ይመቻሉ ተብሎ ከሁሉ በላይ የሚቋጠሩት እነሱ ናቸው፤ ከሁሉ ቀድመው የሚበላሹትም እነሱ ናቸው። ሩዝ ውስጥ ያለ አንድ ጀርም ዘሩ በመፍላት አይሞትም፤ ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ይነሳና የሚያስመልስ መርዝ ይሠራል፣ መርዙም እንደገና በማሞቅ አይጠፋም። የማታ ሩዝ ጠዋት አሙቆ ለኮምቦልቻ ወይም ለከሚሴ ልጅ መቋጠር አይገባም። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት የገባበት ነገርና አልጫም እንዲሁ የሚሠራ ፔርሙስ ይፈልጋሉ። እንጀራ ፍርፍር ኮምጣጣ ስለሆነ ይሻላል። ከሁሉም የሚታመኑት ግን የድሮዎቹ ናቸው፦ ደረቅ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ጭኮ፣ በደረቁ ተይዞ ምሳ ላይ በንጹህ ውሃ የሚበጠበጥ በሶ። ጭኮ በቅቤ ስለሚታሽ ትንሹ ብዙ ያጠግባል፤ በጾም ቀን በዘይት ይታሻል።

እንጀራ ከምጣድ እንደወጣ ከተቋጠረ ያልበዋል፣ ይጣበቃል፤ ቀዝቅዞ ይጠቅለል። በቆላው አካባቢ የማሽላ እንጀራ ለሚበላ ቤት ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ማሽላ ሲውል ይደርቅና ይፈረፈራል፣ ልጁ ፍርፋሪ ይለቅማል። ጠዋት በወጥ ፈትፍቶ መላክ ያድነዋል።

አንድ የወሎ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። እዚህ ክርስቲያንና ሙስሊም ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚበሉት፤ ምሳ ዕቃ ሲከፈት እጅ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል፤ ይህ መልካም ነው፣ አይከልከል። ሥጋ ሲሆን ግን ልጆቹ ይቸገራሉ፤ አንዱ ይሸሻል፣ አንዱ ይደብቃል። ለትምህርት ቀን አትክልት፣ ምስርና ዳቦ ቢቋጠር ማንም ሳይሳቀቅ ይቆራርሳል። ሁለት ክፍል ያለው ምሳ ዕቃ ደግሞ ለጓደኛ የሚደርሰውን ለብቻው ይይዛል።

የውሃ ኮዳው

በአጭሩ፦ አፉ ሰፊ ይሁን፣ እጅ ወይም ብሩሽ ይግባበት። የሚመጠጥ ቱቦ ያለው ያምራል፣ ቱቦው ውስጥ ግን ሻጋታ ይይዛል፤ ለቱቦው የሚሆን ቀጭን ብሩሽ አብሮ ካልተሸጠ ይቅር። ግማሽ ሊትር ይበቃል። ሻይ መሙላት ልማድ ሆኗል፤ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረት የተባለውን የደም ማዕድን ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳል፣ ስለዚህ ከምሳ ጋር ውሃ ይሁን። ኮዳው በየቀኑ ሳይነካ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት መጠየቅ ነው፤ ቆሻሻ ወይም በር የሌለው ሽንት ቤት ያለበት ልጅ፣ ሴቶች ልጆች በተለይ፣ ላለመሄድ ሲሉ ውሃ ይተዋሉ።

ሞልቶ ሲመለስ

የተሻለው ዕቃ ተገዝቶም ምሳው ሦስት ቀን በተከታታይ ካልተነካ ጉዳዩ ከዕቃው ወጥቷል። «ለምን አልጨረስሽም?» የሚለው ጥያቄ ውሸት ያስተምራል፤ በማግስቱ ምግቡ አጥር ሥር ይደፋል፣ ዕቃው ባዶውን ይመጣል፣ ቤቱም ደስ ይለዋል። «ዛሬ ከማን ጋር በላሽ? የት ተቀመጣችሁ?» ሲባል ነገሩ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከእነዚህ አንዱ ነው፦ ትልልቅ ልጆች ይወስዱባታል፣ በምግቧ ተስቆባታል፣ ጥርሷን ያማታል፣ ወይም ጊዜው አይበቃትም። የምሳ እረፍት እጅ መታጠቢያው ሰልፍ ላይ ካለቀ፣ ቀስ ብሎ የሚበላ ልጅ ግማሹን ሳይውጥ ደወል ይደወላል። ቁጭ ብሎ ለመብላት ብቻ 20 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ይህን ለክፍል ኃላፊው መምህር በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፦ «ልጃችን የእጅ መታጠቢያው ሰዓት ሳይቆጠር 20 ደቂቃ እንድታገኝ፣ ምሳዋን ስትከፍትም በሳምንት አንድ ቀን እንዲያዩልን» ብሎ። መምህሩ ደግሞ ማን ብቻውን እንደሚበላ፣ ማን ምሳ ዕቃ ሳይዝ ግቢ ውስጥ እንደሚዞር የሚያየው ያኔ ነው።

ስም በክዳኑም በዕቃውም ላይ፣ ለየብቻ ይጻፍ፤ የሚጠፋው ሁልጊዜ ክዳኑ ነውና።