አዳማ ላይ ዲግሪ፦ አስቱ ወይስ ሪፍት ቫሊ?

ወላጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በአገር ደረጃ ስንተኛ ነው?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ «ልጁ ምን መማር ይፈልጋል?» እላለሁ።

የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ ማለትም አስቱ፣ የመንግሥት ነው። እንደ ስሙ ሳይንስና ምህንድስና ላይ ያተኩራል። አካውንቲንግ ለሚፈልግ ልጅ ዝናው ምንም አይፈይድለትም። ለኢንጂነሪንግ ግን ሳላቅማማ እሱን እመርጣለሁ፤ መግባት ከተቻለ ነው ታዲያ! ዶርምና ምግብ አለ። የወጪ መጋራቱንም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ መክፈል ይችላል።

ሪፍት ቫሊ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የተጀመረውም እዚሁ አዳማ ነው። ጥንካሬው ሌላ ነው። ቀን ሥራ የሚውል ሰው ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ ይማራል። ቢዝነስ ነክ ትምህርት ለሚፈልግ ሠራተኛ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ክፍያው ግን ከኪስ ነው፤ ያውም እየተማሩ።

ደረጃን በተመለከተ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ይልቅ የመውጫ ፈተናን እዩ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥቱም የግሉም ተመራቂ ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ስትጠይቁ ታዲያ በጅምላ አትጠይቁ። በምትፈልጉት ትምህርት ክፍል ስንት ተፈትነው ስንት አለፉ? «መቶ በመቶ አሳልፈናል» የሚል ሁሉ አራት ልጅ አስፈትኖ ሊሆን ይችላል።

የግሉን ከመረጣችሁ ደግሞ የዕውቅና ፈቃዱን ጠይቁ። ዕውቅና የሚሰጠው ለስሙ ሳይሆን ለየካምፓሱና ለየትምህርት ክፍሉ ነው። ከመመዝገብ በፊት ነው ታዲያ፤ ብሩ ከተከፈለ በኋላ ማስመለሱ ፈተና ነው።