ቀሪውን ከመክፈላችሁ በፊት ጀልባዋ ላይ ሰው ጫኑባት

ከውሃው ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። ካልሲዬ ገና አልደረቀም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ ብርድ እንዳይመስላችሁ፣ ንዴት ነው።

ጀልባ ሠሪውን ባታውቁት እንኳ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። እርሳስ ከጆሮው የማይወርድ፣ ስትጠይቁት «ለእኔ ተዉት» የሚል፣ ቅድሚያ ሲቀበል ወንድም፣ ቀሪውን ሲቀበል ጌታ።

ጀልባዋ 5 ሜትር ተኩል ናት። የኮክፒቷ፣ ማለትም ሰው የሚቀመጥበት ክፍት ቦታ፣ ወለል ውሃን በራሱ እንዲያፈስ ተስማምተናል። ዝናብም ሆነ ማዕበል ቢገባ፣ ያለ ፓምፕ ከኋላ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ይወጣል ማለት ነው። ለዚህ ወለሉም ቀዳዳዎቹም ከውጭው ውሃ በላይ መሆን አለባቸው። ውሃ ሽቅብ አይፈስማ!

የሚያቃጥለኝ ደግሞ ጠይቄው ነበር። ወለሉ ከመጣበቁ በፊት «ትንሽ ዝቅ አላለም?» አልኩት። «ከፍ ካደረግኩት ስትቀመጥ ጉልበትህ አገጭህ ጋ ይደርሳል፤ ጀልባዋም ትንገዳገዳለች» አለኝ። ውሸት አይደለም። ወለል ከፍ ሲል የሰዉም ክብደት አብሮ ከፍ ይላል፣ መረጋጋት ይቀንሳል። እኔ ጅሉ ግማሹን እውነት ሰምቼ ሌላውን ግማሽ ሳልጠይቅ ቀረሁ። አመስግኜዋለሁ እኮ!

ዛሬ ጠዋት ባዶዋን ውሃ ላይ አወረድናት። ጎንበስ ብሎ በጣቱ አሳየኝ። ቀዳዳዎቹ ከውሃው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብለዋል። «ይኸው» አለ። እዚያው ቆሜ ቀሪውን ከፈልኩ።

ከዚያ አራት ሆነን ገባን። እንደ ማንኛውም ሰው ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ ተቀመጥን። መጀመሪያ በግራው ቀዳዳ ቀጭን ውሃ ብቅ አለ፣ እንደ ምላስ። ከልብሳችን የተንጠባጠበ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ በቀኙም መጣ። ትንሽ ቆይቶ ያወለቅኩት ጫማ ተንሳፍፎ እግሬን ነካኝ። ቀና ስል ሰውየው ዳር ቆሞ ብሩን እየቆጠረ ነው።

«ውሃ እየገባ ነው!»

«ብዙ ሰው ጫንክ።»

«ለአራት ሰው አይደል እንዴ ያዘዝኩህ?»

«እንግዲያው ቡሽ ግጠምበት» ብሎ ከረዳቱ ጋር ተያይተው ሳቁ።

ቡሽ! ቡሽ ከገጠምኩበት የገባው በየት ይወጣል? 2 ካሬ ሜትር ወለል ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ ሲተኛ 200 ኪሎ ነው። እሱ ደግሞ ኋላዋን ይብስ ያሰምጠዋል።

ቤት ገብቼ አሰላሁት። ጀልባዋ ውሃው ላይ የምትይዘው ስፋት ወደ 8 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ በየ80 ኪሎው 1 ሳንቲ ሜትር ትወርዳለች። እኛ አራታችን 320 ኪሎ ገደማ ነን። መሐል ብንቀመጥ እንኳ 4 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ከኋላ ስንከማች ደግሞ ከዚያ በላይ። ቀዳዳው የነበረው 3 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። የማካፈል ሒሳብ እኮ ነው! ከመክፈሌ በፊት አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

እናንተ ወለሉ ከመጣበቁ በፊት ቀፎዋን፣ ማለትም የጀልባዋን ባዶ አካል፣ ውሃ ላይ አውርዱ። ሞተሩን፣ ነዳጁን፣ በሰው ፈንታ ውሃ የሞሉ ጀሪካኖችን ከኋላ ጫኑ። ውሃው የደረሰበትን አስምሩ። ወለሉ ከዚያ በላይ ይሁን፣ ወደ ቀዳዳዎቹም ያዘንብል።

እኔ ነገ ወለሉን ልፈነቅል ነው። ቡሾቹን ሰጥቶኛል፣ በነፃ።