ለመጠለያ ማዕከል ገንዘብ ለማሰባሰብ ጎፈንድሚ ያዋጣል? ክፍያው፣ አከፋፈቱና የሚያሰናክሉ ነገሮች

በዋሽንግተንና አካባቢው ያሉ የማኅበረሰብ ቡድኖች እንደ መቄዶንያ ላለ፣ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና ለሚያነሣ ማዕከል መዋጮ ሲያስቡ መጀመሪያ የሚነሣው ስም በኢንተርኔት መዋጮ የሚሰበሰብበት ድረ ገጽ፣ ጎፈንድሚ ነው። ምርጫው ክፉ አይደለም። ገንዘቡ በአደባባይ ይቆጠራል፣ ሌላ ስቴት ያለ ዘመድም በሊንክ ይደርሳል፣ ሐሜትም ይቀንሳል። ለትንንሽ መዋጮ ግን ውድ ነው፤ በማን ስም እንደሚከፈት ቀድሞ ካልታሰበበት ደግሞ ጣጣው ብሩ ከተሰበሰበ በኋላ ይመጣል።

አሜሪካ ውስጥ በግለሰብ ስም ከተከፈተ ገጽ በእያንዳንዱ ስጦታ ላይ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል። 100 ዶላር ሲሰጥ 96.80 ይገባል፤ ይህ አያስከፋም። 5 ዶላር ሲሰጥ ግን የሚደርሰው 4.55 ነው፤ ወደ 9 በመቶ ሄደ ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ እዚህ ግን ከየሎሚው 30 ሳንቲም ይነሣል። 40 ሰው አምስት አምስት ዶላር በስልኩ ቢከፍል ከ200 ዶላሩ 17.80 ይቆረጣል፤ ያንኑ 200 አንድ ሰው ቢሰጠው የሚቆረጠው 6.10 ብቻ ነው። ስለዚህ በአዳራሽ ዝግጅት ላይ ትንንሹን በጥሬው ተቀብሎ፣ ሁለት ሰው ቆጥሮና ፈርሞ ወደ ቡድኑ ባንክ ማስገባት፣ ካርዱን ለትልልቁ ስጦታ መተው ይሻላል።

ከዚህ በላይ የሚያናድደው ቲፑ ነው። የክፍያው ገጽ ላይ ለራሱ ለጎፈንድሚ የሚሆን ጉርሻ ቀድሞ ተሞልቶ ይጠብቃል። በ100 ዶላር ላይ 15 በመቶ ቢሆን ከሰጪው ካርድ 115 ይወጣል። ብዙ ሰው፣ በተለይ አባቶችና እናቶች፣ ትርፉ ለተረጂዎቹ የሚሄድ ይመስላቸዋል። አይሄድም፤ ግዴታም አይደለም። መስመሩን ጎትቶ ዜሮ ማድረግ ይቻላል። ጎፈንድሚ የሚሰጠውን ኪውአር ኮድ በትልቁ አትሞ በየጠረጴዛው ማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ ግን በየጠረጴዛው አንድ በጎ ፈቃደኛ ቆሞ «እማማ፣ ይቺን ወደ ዜሮ ይመልሷት» ካላለ ኮዱ ብቻውን በቂ አይደለም። ስማቸው እንዲታይ የማይፈልጉ ካሉም ምልክት የሚደረግበትን ሳጥን እዚያው ያሳያቸው።

አሁን ወደ ስሙ። ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው በመታወቂያው ላይ ያለው ስም ከባንክ ሒሳቡ ስም ጋር መግጠም አለበት፤ የፖስታ ሣጥን ቁጥርም እንደ አድራሻ አይቆጠርም። የእኛ ሰው ችግር እዚህ ላይ ነው፤ መታወቂያው ላይ የአያት ስም፣ ባንኩ ዘንድ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተመዝግቦ ይገኝና ማረጋገጫው ይወድቃል። ሊንኩ ከመበተኑ በፊት የገንዘብ ያዡን ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሌሎች የኮሚቴ አባላት በቡድን አባልነት ገብተው ምስጋናና ዜና መለጠፍ ይችላሉ፤ ገንዘብ ማውጣት ግን አይችሉም። ወጪው ከታዘዘ በኋላ ባንክ እስኪደርስ ከ2 እስከ 5 የሥራ ቀን ይወስዳል።

ኢትዮጵያ ጎፈንድሚ ገንዘብ ከሚያስተላልፍላቸው አገሮች መካከል የለችም። አዲስ አበባ ያለውን ማዕከል በቀጥታ ተቀባይ ማድረግ ስለማይቻል፣ እዚህ አሜሪካ ያለ ሰው ወይም ድርጅት ተቀብሎ በባንክ መላክ አለበት። ዱባይ ያለ ቡድንም መክፈት አይችልም፤ በኤምሬትስ ሕግ ያለ ፈቃድ መዋጮ መጠየቅ በማኅበራዊ ሚዲያም ቢሆን ክልክል ስለሆነ ሊንኩን በየግሩፑ ከመለጠፍ መጠንቀቅ ይገባል። ገጹ ላይ የሚጻፈው ታሪክም ይህንን መናገር አለበት፤ አሰባሳቢው ማን ነው፣ ከማዕከሉ ጋር ምን ያገናኘዋል፣ ገንዘቡ በማን በኩል ይደርሳል። ይህ ከጎደለ ገጹ ሊታገድ ይችላል። ጽሑፉ በአማርኛ ቢሆንም ከሥሩ አጭር የእንግሊዝኛ አንቀጽ ይጨመርበት፤ የሚመረምሩት ሰዎች አማርኛ ላያነቡ ይችላሉ።

ቡድኑ በ501ሲ3፣ ማለትም በአሜሪካ ሕግ ከግብር ነፃ የሆነ በጎ አድራጎት ድርጅት ሆኖ የተመዘገበ ከሆነ ገጹን በበጎ አድራጎት ድርጅትነት መክፈት ሳይሻል አይቀርም። ለሰጪዎች የግብር ደረሰኝ በራሱ ይላክላቸዋል፣ ገንዘቡም በአስተባባሪው ኪስ ሳያልፍ ለድርጅቱ ይደርሳል። በግለሰብ ስም ሲከፈት የግብር ቅናሽ የለም፤ በላዩም ቅጽ 1099-ኬ፣ ማለትም የተቀበለው ገንዘብ ለግብር መሥሪያ ቤት የሚገለጽበት ወረቀት፣ በገንዘብ ያዡ ስም ሊመጣ ይችላል። ስጦታ ተቀብሎ ለሌላ ያስተላለፈ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ገንዘብ ግብር አይከፍልም፣ ግን ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል። የባንክ ማስተላለፊያውንና የማዕከሉን ባለማኅተም ደረሰኝ ማስቀመጥ የግድ ነው፤ በዘመድ ሒሳብ በኩል የሄደ ገንዘብ ይህን ወረቀት አያመጣም። ሰጪው ተጭበርብሬያለሁ ካለ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ገንዘቡ እንዲመለስለት ማመልከት ስለሚችል ደረሰኙን ገጹ ላይ መለጠፍም ይጠቅማል።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ዜሮ ላይ ያለ ገጽ ሲያዩ ሰዎች ቀድመው መስጠት አይወዱም። የኮሚቴው አባላት ሊንኩ ወደ ቴሌግራም ሳይወጣ የየድርሻቸውን ያስገቡ።

ሰጪዎቹ ሁሉ አንድ ደብር ወይም አንድ እድር ውስጥ ያሉ ከሆነ ጎፈንድሚ አያስፈልግም። በቡድኑ የባንክ ሒሳብ ላይ የተመዘገበ ዜል (በስልክ ቁጥር ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያ) እና ቁጥር ያለው የደረሰኝ ጥራዝ ይበቃል፤ ከሰጪው ምንም አይቆረጥም። ዜል የተሳሳተ ስልክ ቁጥር ላይ ከተላከ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ ቁጥሩን በቃል ሳይሆን በወረቀት ይስጡ።