እግሬን በድሪል የበሱልኝን ጋሼ አመስግኑልኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ፣ እኚህን ሰው ሳላመሰግን ብቀር ህሊናዬ አይተወኝም። ሰው ሰራሽ እግር ሰሪ ናቸው፣ ስሜን እንዳትጽፊ ስላሉኝ ዝም ብዬ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ አድራሻቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ ለሁሉም እመልሳለሁ።

ግራ እግሬ ከጉልበት በታች ሰው ሰራሽ ነው። ለመራመዱ ችግር የለብኝም፣ የዘወትር እግሬ በጣም ጎበዝ ናት፣ ደረጃ ትወጣለች ዳገት ትወጣለች። ጠቡ ከውሃ ጋር ነው። እኔ ደግሞ ውሃ ካየሁ የማልመለስ ሰው ነኝ፣ ዋና በሉት ካያክ በሉት፣ አሁን ደግሞ ቆመው የሚቀዝፉበት ፓድል ቦርድ የሚሉት ነገር ሱስ ሆኖብኛል። የዘወትር እግር ውሃ ስትገባ ምን እንደምትሆን ላልገጠመው ልንገረው፣ የእግር ቅርጽ ባለው ሽፋን ውስጥ ውሃው ይገባና መውጫ ያጣል፣ ከዛ ሁለት ቀን ሙሉ ስትራመዱ ቸፈቅ ቸፈቅ ይላል፣ ስፖንጁ ይሸታል፣ ብሎኑ ይዝጋል፣ የባህር ውሃ ከሆነማ ጨውና አሸዋው ተጨምሮ በቃ መሰናበት ነው። እግራችሁ ከጉልበት በላይ ተቆርጦ ኤሌክትሮኒክ ጉልበት የምትጠቀሙ ደግሞ ለውሃ ተብሎ የተሰራ ካልሆነ በቀር አጠገቡም አትድረሱ።

እና ከጋሼ በፊት ሌላ ቦታ ሄጄ ነበር። ውሃ የማታስገባ እግር እንሰራልሻለን አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው ጠብታ አታስገባም፣ ሁሉ ነገሯ ጥርቅም ተደርጎ ታሽጓል። ደስ ብሎኝ ይዣት ገባሁ። ወገቤ ድረስ እስክገባ ሰላም ነበር፣ ልዋኝ ብዬ ስዘረጋ ግን እግሬ እንደ ቡሽ ወደ ላይ ብድግ አለች፣ እኔ በጭንቅላቴ ወደ ታች። ውስጧ አየር ብቻ ነዋ! ነገሩ እንዴት እንደሆነ ማወቅ የፈለገ አንድ እግሩ ላይ ባዶ ጀሪካን አስሮ ለመዋኘት ይሞክር (ኧረ አትሞክሩ ቀልዴን ነው)። ጓደኛዬ በላይፍ ጃኬቴ ጎትቶ ባያዞረኝ ይሄን ጽሁፍ ማን እንደሚጽፈው እንጃ። ከዛ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ ዳር ቁጭ ብዬ የሰው ፎቶ ሳነሳ ከረምኩ።

ጋሼ ጋ የሄድኩት ለላይነር ነበር፣ ሰው ሰራሹን እግር ከማድረጌ በፊት ቆዳዬ ላይ ለማጠልቀው ካልሲ መሳይ ለስላሳ ሽፋን ማለት ነው። በጨዋታ መሃል ይሄን ስነግራቸው ሳቁ፣ ከዛ ወንበር ስበው ተቀመጡና ጥያቄ ጀመሩ። ከመኪና ወርደሽ ውሃው ጋ ለመድረስ ስንት እርምጃ ይሆናል? መሬቱ ድንጋይ ነው አሸዋ? ቦርዱ ላይ ትቆሚያለሽ ወይስ ትንበረከኪያለሽ? ስትወጪ የሚይዝሽ ሰው አለ? እስከዛሬ ይሄን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፣ ሁሉም የሚለካው እግሬን ብቻ ነው።

አዲስ እግር ያሰሩኛል ብዬ ስጠብቅ ቤት የጣልሻት አሮጌ እግር የለሽም ወይ አሉኝ። ሶኬቷ፣ ማለትም የተቆረጠው እግሬ የሚገባበት ጎድጓዳ ክፍሏ፣ አሁንም ልክሽ ከሆነ ትበቃለች አሉ። አመጣሁላቸው፣ ሶኬቱን አዩት፣ ስፖንጁን ሁሉ ገፈው ጣሉ፣ ብሎኑን በማይዝግ ቀየሩት፣ ከዛ ድሪል አነሱና ባቷ ላይ ጥርርርር። እኔ አይኔን ጨፍኛለሁ። ታች ቁርጭምጭሚቷ ጋ ሁለት ቀዳዳ፣ ላይ ደግሞ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ አንድ። ውሃው እንዲገባ ከሆነ የታቹ አይበቃም ወይ አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ ባዶ ጠርሙስ አንስተው በአፉ ደፍተው ባልዲ ውሃ ውስጥ አስገቡት፣ ጠርሙሱ አልሞላም፣ እጃቸውን ወደ ላይ ይገፋል። አየሽ፣ አየሩ መውጫ ካላገኘ ውሃው አይገባም አሉ። በቃ ገባኝ። ስገባ ትሞላለች ስለዚህ አታንሳፍፈኝም፣ ስወጣ ትፈሳለች ስለዚህ አትከብደኝም። አደራ ግን እቤታችሁ ራሳችሁ እንዳትበሱ፣ ሶኬቱ ከተነካ አየር ስቦ የሚይዘው ነገር ይበላሻል፣ ሸክም የሚያርፍበት ቦታ ከተበሳም መሃል ላይ ትሰበራለች።

ሌላው ያልጠበቅኩት ነገር፣ አሁን ቀዳዳ ስላላት ብትወልቅ ትሰምጣለች። ስለዚህ ከጉልበት በላይ የሚጠብቅ ጎማ እጅጌ አጠለቁባትና ጭኔ ላይ ካለ ቀበቶ ጋር በገመድ አሰሯት፣ ገመዱ የሆነ ነገር ላይ ቢጠመጠም በአንድ እጅ ጎትቼ እንድፈታው አድርገው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ራሳቸው መጡ። ሱሪያቸውን ጠቅልለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያዩኛል፣ እኔ ቦርዱ ላይ በቆምኩ ቁጥር ወደ ኋላ ቧ! ሶስት ጊዜ ወደቅኩ። ሚዛኔ የጠፋ መስሎኝ ላለቅስ ስል፣ ነይ ውጪ አሉኝ፣ እግርሽ የተስተካከለችው ለጫማ ነው፣ አሁን ባዶ እግርሽን ነሽ፣ የጫማው ተረከዝ ስለሌለ ወደ ኋላ ትጥልሻለች። ይዘውት ከመጡት ጎማ ቆርጠው ተረከዟ ስር ለጠፉ። አራተኛው ላይ ቆምኩ። ቆሜም ቀረሁ!

ሲሰሩ ወሬ ይወዳሉ። ያቺን ሯጮች የሚሮጡባትን ቆልመም ያለች የካርቦን እግር የፈጠራት ቫን ፊሊፕስ እግሩን ያጣው እ.ኤ.አ. በ1976 የውሃ ስኪ ላይ ሆኖ ጀልባ መቶት እንደሆነ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የቁርጭምጭሚት ነገርም ጠይቄያቸው ነበር፣ ስትራመዱ ቀጥ ብሎ የሚቆለፍ፣ ስትዋኙ ደግሞ ሲለቀቅ ጣት ወደ ታች የሚዘረጋ አለ፣ ፊን (የዓሣ ክንፍ የሚመስለውን የዋና ጫማ) አድርጎ ለሚጠልቅ ሰው ምርጥ ነው። አንቺ ግን አያስፈልግሽም አሉኝ፣ ርቀሽ ስትዋኚ አውልቀሻት ነው የምትዋኚው፣ ፓራሊምፒክ ዋና ላይም ሰው ሰራሽ እግር አይፈቀድም። ደቡብ አፍሪካዊቷ ናታሊ ዱ ቶይትም እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ፣ ፓራሊምፒኩ ሳይሆን ዋናው ኦሊምፒክ ላይ፣ 10 ኪሎ ሜትር ስትዋኝ ያለ ሰው ሰራሽ እግር ነው፣ 16ኛ ወጥታለች። ሊሸጡልኝ ይችሉ የነበረውን ዕቃ ራሳቸው አስተዉኝ ማለት ነው።

ጉድለታቸውንም ልናገር እንጂ፣ ሁለት ሳምንት ያሉኝ አምስት ሳምንት ፈጅቷል። ስልክ አያነሱም። ቁጣም አለባቸው፣ አንዴ እርጥብ ላይነር አድርጌ ሙሉ ቀን ውዬ ቆዳዬ ተላልጦ ስሄድ አንቺ ልጅ፣ እግር ስሰራልሽ ጭንቅላትም ልስራልሽ እንዴ ብለውኛል፣ ልክ ናቸው። አሁን ከውሃ እንደወጣሁ እግሯን በንጹህ ውሃ አለቀልቃለሁ፣ ላይነሩን በለስላሳ ሳሙና አጥባለሁ፣ ቆዳዬን አደርቃለሁ፣ ደረቁን ላይነር ነው የማደርገው።

ባለፈው ከውሃ ስወጣ አንድ ህጻን ከባቴ ኩልል እያለ የሚወርደውን ውሃ አይቶ "እማዬ እግሯ ሽንቱን ሸና" አለ፣ እናቱ መግቢያ አጣች፣ እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ለጋሼ ስነግራቸው ሌላ ቀዳዳ ልጨምርልሽ ወይ አሉኝ።

እና ልትሄዱ ያሰባችሁ አሮጌ እግራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ውሃው ዳር ያለውን መሬትም በስልክ ፎቶ አንሱላቸው፣ መጠየቃቸው አይቀርም። ጠዋት ማሽን ስለሚጮህ አይሰሙም፣ ከሰዓት ደውሉ።